የመጽሐፍ እቁብ

እጅ የማይይዘው ዕቃ ገዝታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ገዝቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ላጫውታችሁ። ችኩል ከሆናችሁ ግን ይቅርባችሁ። ነገሩ እንደ መርካቶ መንገድ ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

የምሠራው በአክስቴ ባል በጋሼ ወልዴ ሱቅ ነው። ከራጉኤል ትንሽ ወረድ ብሎ በቆርቆሮ የተከደነ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ ግራና ቀኙ የልብስ ሰፊ ዕቃ ይሸጥበታል። ክር፣ ዚፕ፣ ገበር፣ ላስቲክ። የእኛ ቁልፍ ነው፤ የበር ሳይሆን የልብስ። ባለ ሁለት ቀዳዳ፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ከኋላው ቀለበት ያለው፣ በጨርቅ የሚለበጥ። ሥራዬ መለየት ነው። ጥቁር ቁልፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ከመሰላችሁ ከእኔ ጋር አንድ ከሰዓት ተቀመጡ። ወደ ቡናማ የሚያደላ ጥቁር አለ፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አለ፤ ዝም ብሎ የደከመው ጥቁርም አለ። እንዲህ ያለ ልዩነት የሚያይ ሰው ጓደኛ አይበዛለትም፤ ስለዚህ አነባለሁ። ትምህርት ቤት ያቋረጥኩትን ሁሉ የቀጠልኩት በቁልፍ ሳጥኖች መሃል ተቀምጬ ነው።

ለማንበብ ደግሞ ከሱቃችን የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘነብል ከጣሪያው የሚስማር ቀዳዳዎች ብርሃን በቀጭን በቀጭኑ ይወርዳል። በብርሃኑ ውስጥ የጨርቅ ብናኝ ይዋኛል። የተሸካሚዎቹ ጩኸት ከሩቅ ይመጣል፤ ሳይደርስ ይመለሳል። ያን ሰዓት ገበያው በሙሉ ከውሃ በታች ያለ ይመስለኛል። ሐጂ ነስሩ፣ ፊት ለፊታችን ያሉት ዚፕ ሻጭ፣ በረንዳቸው ላይ ያንጠለጠሏቸው ዚፖች በነፋስ ሲላወሱ ቀጫጭን ዓሣዎች ይመስላሉ። ይህን ለሐጂ አንድ ጊዜ ነግሬያቸው «ዓሣ ቢሆኑማ ኖሮ እስካሁን ይሸቱ ነበር፤ ገዢ የለም» አሉኝ።

ዘመኑ ሰው ሁሉ ባለ ሁለት ሲም የቻይና ስልክ የያዘበት ነበር። ዘፈን የፈለገ ሰው ሚሞሪ ካርዱን ለጫኚው ይሰጣል፤ ጫኚው ሞልቶ ይመልስለታል፤ ዘፋኙ ማን ይሁን ምን ይብላ የጠየቀ አልነበረም። መጽሐፍ በስልክ ገዝቶ ማንበብ ግን ገና መጀመሩ ነበር። በወረቀት ያልታተመ አንድ መጽሐፍ እንዳለ ሰማሁ፤ ስለ አንድ ጀልባ ጠጋኝ ነው ተባልኩ። ዕድሜውን በሙሉ በሐይቅ ዳር ተቀምጦ የሌላ ሰው ጀልባ ሲጠግን የኖረ፣ ራሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሻግሮ የማያውቅ ሰው። ልቤ ደነገጠ። ገዛሁት።

«እስማማለሁ» የሚለውን ከመንካቴ በፊት ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ይህን ያደረገ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም፤ የጻፈው ሰው ራሱ መልሶ ማንበቡን እጠራጠራለሁ። ገዢው መጽሐፉን ለቤተሰቡ አባላት ማካፈል ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ግን በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ይከፈታል ይላል። ቤተሰብ ማለት ማን እንደሆነ ፍለጋ ወደ ላይ ሄድኩ፤ ወደ ታች ወረድኩ። አልተጻፈም። ውሉን ያረቀቀው ሰው መርካቶ ውስጥ አንድም ዘመድ እንደሌለው ያወቅኩት ያኔ ነው።

አክስቴ ብርነሽ የሱቁ ባለቤት ናት። ጋሼ ወልዴ ባለቤት የሚሆነው የግብር ሰዎች ሲመጡ ብቻ ነው። የአክስቴ ግራ ዓይን ሞራ ሊገፈፍ ተቀድዶ ሳይሳካ ከቀረ ቆይቷል። አሁን ቀኙም ሞራ ጀምሮታል። ሐኪሙ «ክረምቱ ሳይገባ እንገፍፈዋለን፣ አታስቢ» አላት። ያኔም «አታስቢ» ተብላ ነበር።

አንድ ከሰዓት መጥታ ከጎኔ ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠች።

«ምን ላይ ነው እንዲህ የተተከልከው?»

«መጽሐፍ ነው፣ እትዬ።»

«እኛማ ከመጽሐፍ ጋር ከተለያየን ቆየን» አለች፣ ስለ ሞተ ጓደኛ እንደምታወራ።

ፊደሉን በሁለት ጣቴ ጎተትኩት፤ አደገ። ደግሜ ጎተትኩት፤ የአውራ ጣት ጥፍር አከለ። አንድ ገጽ ላይ የቀሩት ጥቂት ቃላት ብቻ ሆኑ። ስልኩን ተቀብላ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው።

«ሐይቁ» አለች። ገጹን ገለበጥኩላት። «ጠዋት ጠዋት» አለች። ሌላ ገጽ። «የሚተነፍስ ይመስላል።»

ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላየሁትም ማለት ይቻላል። ኋላ በራሷ ሰፊ ስልክ ላይ በእኔ ስምና በእኔ ፓስወርድ ከፈትኩላት። ቤተሰቤ ናት፤ ውሉ ይፈቅዳል፤ ኅሊናዬ ንጹሕ ነበር። እሷም ቁልፍ ከሳጥን እንደምትለቅም ቃል እየለቀመች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ደንበኛ «ስንት ነው?» ሲላት ከሐይቁ እስክትመለስ ይጠብቃል። አንዱን ልብስ ሰፊ «ዛሬ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው» ብላው ደንግጦ ሳይገዛ ሄዷል።

«ሐኪሙ እጅ ከመግባቴ በፊት ይሄን ልጨርስ» አለችኝ አንድ ቀን። «ሰውዬው ይሻገር አይሻገር ሳላውቅ ጨለማ ውስጥ ከገባሁ፣ ዕድሜ ልኬን ውሃ ላይ ቆሜ ልቀር ነው።»

እየቀለደች ነበር። ስልኩን ግን ወዲያው መልሳ አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋችው።

እንግዲህ ሚስቱ ብቻዋን ስትስቅ ዝም ብሎ የሚያይ ባል የለም። ጋሼ ወልዴ «ለእኔም ክፈትልኝ» አለ። ባሏ ነው፤ ከፈትኩለት። በሦስተኛው ቀን ሐጂ ነስሩ መንገዱን ተሻግረው መጡ። የሐጂ እናትና የጋሼ ወልዴ እናት ከአንድ መንደር ነው የወጡት፤ የአንዲት ላም ወተት ነው ያሳደጋቸው ይባላል። ሐጂ የፋሲካችንን ድንኳን የማይተክሉበት፣ እኛም የዒዳቸውን እንግዳ የማንቀበልበት ዓመት የለም። ለእሳቸው «ቤተሰብ አይደሉም» የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ከፈትኩላቸው። ቀጥሎ ክር ሻጩ ኸይሩ መጣ፤ እሱ ደግሞ የሐጂ የእህት ልጅ ባል ነው። ቀጥሎ ላስቲክ ሻጩ፤ እሱ የማንም ዘመድ አይደለም፣ ግን ከሁላችንም ጋር ተጣልቶ ታርቋል፤ መርካቶ ውስጥ ይህም ዝምድና ነው።

ችግሩ መጽሐፉ በአንድ ጊዜ በአንድ ስልክ ብቻ መከፈቱ ነው። ኸይሩ ሲከፍት ሐጂ ላይ ይዘጋል፤ ሐጂ ሲከፍቱ አክስቴ ላይ ይዘጋል። «ይህ መጽሐፍ በሌላ ስልክ ላይ ተከፍቷል» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። እኛ ላይ ሲዘጋ እንከፍተዋለን፤ አክስቴ ግን የተወችበትን ቦታ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጅባታል።

«አሁንም መሃል ውሃ ላይ ጣላችሁኝ» ትላለች፣ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ።

ጋሼ ወልዴ የመተላለፊያው እቁብ ዳኛ ነው። እቁብ ዳኛ ደግሞ የትኛውም የዓለም ችግር ዕጣ ቢወጣለት ይፈታል ብሎ ያምናል። «ለምን በእቁብ አናደርገውም?» አለ። ሁሉም ደስ አላቸው፤ እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ ስምምነት ወሰዱት። ዝምታን እንደዚያ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው፤ ለዚህም ነው ዝምተኛ ሰው ብዙ ውል ውስጥ የሚገባው።

ቅዳሜ ከሥራ በፊት ተሰበሰቡ፤ ወሬውን የሰሙ ሌሎች የመተላለፊያው ነጋዴዎችም ዕጣው ውስጥ ገቡ። ዕጣው በቁልፍ ሆነ፤ ነጫጭ ቁልፎች መሃል አንድ ጥቁር ተጨመረና በሐጂ ኮፍያ ውስጥ ተናወጠ። ጥቁሩ የወጣለት ለአንድ ሳምንት መጽሐፉ የእሱ ነው፤ ሌላው አይነካም። አክስቴ «አንቺ ቅደሚ» ተብላ ነበር። «በዓይኔ ለምኜ አልበላም፤ እንደ ሰው ዕጣዬን ልጠብቅ» አለች። ግትርነቷን ከማን እንዳመጣችው አይታወቅም፤ እኔም ወርሻለሁ ይባላል።

ዕጣው ለኸይሩ ወጣ።

«ዋስ አለህ?» አለው ጋሼ ወልዴ። የእቁብ ልማድ ነው፤ የወሰደ ሰው እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል።

«መጽሐፉን ይዤ የት እጠፋለሁ፣ ጋሼ? መጽሐፉ እኮ የለም።»

«ባይኖርም ዋስ ጥራ።»

ሐጂ ዋስ ሆኑት።

ኸይሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን አያነብም። ማንበብ ይችላል፤ አያነብም። ስልኩን ከፍቶ ከክሮቹ መሃል ያቆመዋል፤ ሲጨልምበት ይነካዋል፤ ክር መሸጡን ይቀጥላል። አክስቴ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ ጠየቀችው።

«ኸይሩ፣ ሰውዬው የት ደረሰ?»

«ውሃ ላይ ነው፣ እትዬ ብርነሽ።»

«ትናንትም ውሃ ላይ ነበር።»

«ትልቅ ሐይቅ ነው።»

ጋሼ ወልዴ ተቆጥቶ «የማታነበውን ለምን ትይዛለህ?» ሲለው ኸይሩ ክሩን ሳይለቅ «ዕጣ ወጥቶልኝ ለምን አልይዘው? ባለፈው ዓመት ላስቲክ ሻጩ በእቁቡ ፍሪጅ ገዛ፤ እስካሁን ጫማ ነው የሚያስቀምጥበት። ማን ምን አለው?» ብሎ መለሰ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለላስቲክ ሻጩ ወጣ። ከዚያ ለሐጂ። ሐጂ ያነባሉ፤ እንዲያውም በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ጋሼ ወልዴም የራሱ ሳምንት ሲደርስ ጨረሰ። እኔ ደግሞ ከሁሉም በፊት ጨርሼዋለሁ። የአክስቴ ነጭ ቁልፍ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሐይቁ በመተላለፊያው ሁሉ ተሰራጭቶ ነበር፤ ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ «ውሃው እንዴት ነው?» ይባባላል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ሁሉም ቀና ይላል። እሷ ብቻ ዳር ላይ ቆማ ታየናለች፤ ያውም በአንድ ዓይን፣ ያውም በሚደበዝዝ።

አንድ ማለዳ ሐጂ ነስሩ ሱቃችን ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ፊት ነው።

«ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ መጽሐፍ ሐላል ነው?»

«ገንዘብ ከፍዬበታለሁ፣ ሐጂ።»

«አንተ ከፈልክ። እኔ ምን ከፈልኩ? ሻጩ ምንድን ነው የሸጠልህ?»

«ለእኔና ለቤተሰቤ የማንበብ ፈቃድ።»

«ዕቃ አይደለም?»

«ዕቃ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ተሸክመህ ወጣህ?»

አክስቴ ከውስጥ ጣልቃ ገባች። «ሐጂ፣ ጃንጥላ ገዝቼ ጎረቤቴ ቢጠለልበት ጃንጥላ ሻጩ ምን ቀረበት?»

«ብርነሽ፣ ጃንጥላ ሥር ሦስተኛው ሰው ሲገባ ትከሻው ይረጥባል። አራተኛው ይቀራል፤ ሄዶ የራሱን ይገዛል። ይሄ ግን መርካቶን በሙሉ ቢያስገባ ማንም አይረጥብም። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ጋሼ ወልዴ «እኛ ቤተሰብ ነን፤ ተፈቅዷል» አለ። «ቤተሰብ ማለት ለቅሶ ላይ ፍራሽ ላይ የሚቀመጥ ነው። አባቴ ሲሞት እርስዎ ከእኔ በላይ አላለቀሱም?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነበር» አሉ ሐጂ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ውሉን ያነበብኩት እኔ ነኛ። ቤተሰብ የሚለው አልተብራራም፣ ጻፊው ምን እንዳሰበ አላውቅም አልኳቸው።

«ታዲያ ጻፊውን እንጠይቀዋ» አሉ ሐጂ። «ቤተሰብ ያድርገን። ሰው ቤተሰብ ለመሆን ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል።»

ስቄ ልተወው ነበር። ማንም አልሳቀም።

ደራሲው አቶ ዳምጠው ይባላሉ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እንደሚኖሩ ጋሼ ወልዴ በአንድ ጠዋት አጣርቶ ደረሰበት፤ መርካቶ ውስጥ ሰው ይጠፋል እንጂ አድራሻ አይጠፋም። እሑድ ሄድን። ጋሼ ወልዴ ከሠርጉ ወዲህ ያላሰረውን ክራባት አሰረ። ሐጂ ሽቶ ተቀብተዋል። እኔ ስኳርና ሙዝ ተሸክሜ ከኋላ እከተላለሁ።

በሩን የከፈቱት ቀጭን፣ ሽበታም ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የሌላ ሰው መጽሐፍ ሲያርሙ የኖሩ መሆናቸውን ኋላ ነገሩን፤ እኔ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ሳይ ገብቶኝ ነበር። ያተመው ሰው የሳተውን ፊደል በቀይ እርሳስ አርመውታል። ልቤ ሄደላቸው።

«ተቀመጡ» አሉን።

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አለ ጋሼ ወልዴ፣ እጁን አጣምሮ። «ለልመና ነው የመጣነው።»

ሦስታችንንም በተራ አዩን። ክራባቱን አዩ። ሙዙን አዩ።

«ተሳስታችኋል መሰለኝ። ልጄ አግብታለች። ሁለት ወልዳለች።»

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ። «እኛ የመጣነው በሌላኛው ልጅዎ ነው።»

«ሌላ ልጅ የለኝም።»

«አለዎት። ጀልባ የሚጠግነው።»

አቶ ዳምጠው ቀስ ብለው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«አንብባችሁታል?» አሉ።

ያን ጊዜ የሐጂ ሽምግልና ጠፋ። «አንብቤዋለሁ፤ እንቅልፍም አጥቼበታለሁ» አሉ። «ለምን መለሱት? ሰውዬው ስንት መከራ አይቶ የራሱን ጀልባ ሠራ፤ ሐይቁ መሃል ደረሰ፤ ከዚያ ማዶውን አይቶ ተመለሰ። ከመሃል ወደ ኋላም ወደ ፊትም መንገዱ እኩል ነው። ነጋዴ ቢሆን ወደ ፊት ይሄዳል።»

«ሰውዬው ነጋዴ አይደለም።»

«ይሁና። ግን ቢያሻግሩት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት።»

«ከጻፍኩት አንዲት ፊደል አትነሣም» አሉ አቶ ዳምጠው፣ ሳይቆጡ። «እሱ ተመልሷል። እኔም ላስቆመው አልቻልኩም።»

ጋሼ ወልዴ ጉሮሮውን ጠርጎ ነገሩን ወደ መንገዱ መለሰው። ስለ ውሉ፣ ስለ እቁቡ፣ ስለ ዋሱ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገራቸውና «ስለዚህ የእርስዎ ፈቃድ ከሆነ፣ መተላለፊያችን በሙሉ እንደ አንድ ቤተሰብ እንዲቆጠርልን ነው» ብሎ ጨረሰ።

አቶ ዳምጠው በጥሞና ሰሙት። ዕጣው በቁልፍ መሆኑን ሲሰሙ ፈገግ አሉ።

«አይሆንም» አሉ።

ሙዙ ከበደኝ።

«አንድ ቤት ሲሆን እሺ። ይሄ ልጅ ለአክስቱ ቢያነብላት፣ ለባሏ ቢሰጥ፣ ደስ ይለኛል። ግን እስቲ ነገሩን ከእኔ በኩል እዩት። ቤተሰብማ አለኝ፤ ወንድሞች አሉኝ፤ ልጄ አለች። ለሁሉም በነጻ ሰጥቻቸዋለሁ። ልጄ "አባዬ፣ ሲመቸኝ" ትለኛለች። ታናሽ ወንድሜ "ስልኬ ይሞቃል" አለኝ። አንዳቸውም አላነበቡትም።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «ስጽፈው ያሰብኩት ባዳ ሰው ነው። የማያውቀኝ፣ የማይራራልኝ፣ ገዝቶ ገልጦ ሌሊቱን እንቅልፍ የሚያጣ ባዳ። ዛሬ ሦስት ባዳ በሬ ድረስ መጣችሁልኝ፤ ቤተሰብ እንሁን አላችሁኝ። እባካችሁ፣ ባዳ ሁኑልኝ።»

ሽማግሌ ተልኮ «ባዳ ሁኑልኝ» የተባለ ከእኛ በፊት ያለ አይመስለኝም። ተቀመጥን። ሙዙን አብረን በላን። ስንወጣ አክስቴን እንደገና አነሡብኝ፤ ዓይኗ እንዴት እንደሆነ፣ ፊደሉን ምን ያህል እንዳጎላሁላት፣ አንድ ገጽ ላይ ስንት ቃል እንደሚቀር። ለዝርዝር ያላቸው ፍቅር የእኔን ያክል ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው።

መንገድ ላይ ጋሼ ወልዴ ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። «ሰውዬው ኩሩ ነው» አለ። ሐጂ ግን ቀለል ብሏቸው ነበር። «አይሆንም ማለት መልስ ነው። ያስጨነቀኝ መልስ ማጣቱ ነበር» አሉ።

እቁቡ በማግስቱ ፈረሰ። ሐጂ ያነበቡትን መጽሐፍ በገንዘባቸው ገዙት፤ ደግመው ሊያነቡት ሳይሆን እንቅልፋቸውን ለማስመለስ ነው። ላስቲክ ሻጩም ገዛ። ኸይሩ አልገዛም። «ሰውዬው ውሃ ላይ ይቆይልኝ፤ ደህና ነው» አለ። ፓስወርዱን ቀየርኩ። መጽሐፉ ወደ አክስቴ ብቻ ተመለሰ፤ እሷም ወደ ማዳበሪያዋ።

አሁን ሌላ ጭንቅ መጣ። ሁላችንም መጨረሻውን እናውቃለን፤ እሷ አታውቅም። መርካቶ የዕቃ ዋጋ መጨመሩ ዕቃው ሳይገባ የሚታወቅበት ቦታ ነው፤ እዚያ ሰፈር ምስጢር መጠበቅ ማለት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ግን ጠበቁት። «ሐጂ፣ ይሻገራል?» ስትላቸው ሐጂ «ዚፕ ልቆርጥ ነው» ብለው ይወጣሉ። ላስቲክ ሻጩ እሷን ሲያይ በሌላኛው መውጫ መዞር ጀመረ። ጋሼ ወልዴ በራሱ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆነ። ኸይሩ ብቻ ነበር ሳይጨነቅ የሚያወራት፤ ምንም አያውቅማ።

እሷም ፈጠነች ማለት አይቻልም። ሞራው እየወፈረ ሄዷል። ፊደሉን ከዚያ በላይ ማሳደግ አልተቻለም፤ ስልኩ መጨረሻው ደርሷል። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ጥሩ ሲሆን በር ላይ፣ ከሰዓት በጣሪያው ቀዳዳ በሚወርደው ጨረር ሥር ትቀመጣለች። ጨረሩ ሲሄድ እሷም ከነማዳበሪያው ትከተለዋለች። ሐኪም ቤት የምትገባበት ሳምንት ደረሰ።

በዚያ ሳምንት አንድ ከሰዓት ዝናቡ ቀደም ብሎ መጣ። ቆርቆሮው እየጮኸ፣ መተላለፊያው መሃል ለመሃል ቦይ ሠርቶ ይፈስሳል። ሐጂ ዝናቡ ይዟቸው የእኛ በር ላይ ቆመዋል። አቶ ዳምጠው ገቡ። ኮታቸው ርሷል፤ መሃሉ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሏል። ጋሼ ወልዴ ሊናገር ሲል በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

«ለዚህ ኮት የሚሆን ቁልፍ ፈልጌ ነበር» አሉ።

የደከመው ጥቁር ነው። የት ሳጥን እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን አልተንቀሳቀስኩም፤ አክስቴ ስልኩን ከፊቷ ዝቅ አድርጋ ነበርና።

«አለቀ» አለች።

አቶ ዳምጠው ወደ እሷ ዞሩ። «ምኑ?»

«መጽሐፍ ነበር የማነበው። ስለ አንድ ጀልባ ጠጋኝ ነው፤ እርስዎ አያውቁትም።»

«እና እንዴት ሆነ?»

አክስቴ ወደ ዝናቡ አየች። ደስ ብሏታል፤ እንደዚያ ፊቷ በርቶ አይቼው አላውቅም።

«ተሻገረ» አለች።

የመጨረሻዋን ገጽ በቃሌ አውቃታለሁ። ሰውዬው መሃል ላይ መቅዘፊያውን ያነሣል፤ ማዶውን ያያል፤ ጀልባዋን ያዞራል። በእሷ ስልክ ላይ ያቺ አንድ ገጽ ስንት ገጽ እንደምትሆን አስሉት፤ የዘለለችው ይኑር፣ ዓይኗ ያላደረሳት ይሁን፣ ወይስ አንብባው እምቢ ያለችው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ሲሳሳት ሰምቼ ዝም የማልል ነኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ጋሼ ወልዴም ከፈተ። ሐጂ ነስሩ፣ ለዚያች አንዲት ቃል እሑድ ሙሉ የተሟገቱት፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ። ሁለታችንም ዘጋን።

አቶ ዳምጠው የቁልፉን ነገር ተዉት። ከኮታቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ከዚያ በርጩማውን ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ማዶ ምን አገኘ?» አሏት።

«ማዶማ» አለች አክስቴ፣ መቀመጫዋን እያመቻቸች፤ «መጀመሪያ ያገኘው ሽታውን ነው። በዚህኛው ዳር የሌለ ሣር፣ ገና ሳይደርስ ሸተተው። ጫማውን አወለቀና በእጁ ያዘው።»

«ከዚያስ? በየትኛው እግሩ ነው የወረደው?»

«ቆይ፣ አያስቸኩሉት። ጀልባው ይወዛወዛል።»

አቶ ዳምጠው አንገታቸውን ወደ እሷ አሰገጉ። አንድ ልብስ ሰፊ ከዝናቡ ሮጦ ገባና «ባለ አራት ቀዳዳ ነጭ አላችሁ?» አለ። ጋሼ ወልዴ በሕይወቱ ደንበኛ አስቁሞ አያውቅም። እጁን አነሣ።

«ትንሽ ጠብቅ» አለው። «ሰውዬው እየወረደ ነው።»

ልብስ ሰፊው ማን ከየት እንደሚወርድ አልጠየቀም። ዝናቡን ከትከሻው አራግፎ ቆመ።